ሌንሱ ውስጥ የቀረችው ፀጉር

መብራት ሠሪው ከአቧራ ጋር ደም የተቃባ ይመስላል። ጋዋኑን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ጓንት ያጠልቃል፤ ሌንስ ሲወለውል ትንፋሹን እንኳ ዋጥ ያደርጋል። የመኪና የፊት መብራት በሙቀት ከፍቶ፣ ፕሮጀክተር የሚሉትን ብርሃን ሰብሳቢ ገጥሞ መልሶ ካሸገው በኋላ ውስጡ የቀረች ብናኝ ዕድሜ ልኳን ትታያለች ባይ ነው። ሚስቱ ሻይ ስታመጣለት በሩ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች እንጂ ወደ ውስጥ ዝር አትልም።

መኪናውን ሊወስድ የመጣው ሾፌር ግን ታሽጎ ያለቀው መብራት ውስጥ አንዲት ረጅም ፀጉር ተጋድማ አየ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለ።

ሠሪው ጎንበስ ብሎ አያት። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«አንቺ!» ብሎ ወደ ጓዳ ጮኸ። «ስንቴ ልንገርሽ? ፀጉርሽን ሸፍኚ አላልኩሽም?»

ሚስቱ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። ሳትቸኩል ሻሿን ፈታችው። ራሷ ላይ ለምልክት የሚሆን ፀጉር የለም።

«ሕክምናውን ከጀመርኩ ወዲህ ምን ፀጉር አለኝ?» አለች። «ቀና ብለህ ካየኸኝ ስንት ጊዜህ ነው?»

ሾፌሩ ወለል ወለሉን ማየት ጀመረ። ሠሪው ግን መልስ ያጣ ሰው አይደለም፤ የመኪናውን መብራት ማብሪያ ጠቅ ሲያደርገው ነጩ ብርሃን ቀጥ ብሎ ራሷ ላይ አረፈ።

«በይ ተሸፈኚ፤ መላጣሽ ዓይኔን ወጋው» አላት።

ሾፌሩን ሳቅ አመለጠው።

ሴትየዋ ባሏን ትታ እሱን አየችው።