ኮምፒውተሩ ያልተቀበለው የልደት ቀን

በመሳሳቴ የኮራሁት በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው። በኢሕአዴግ ዘመን ማብቂያ ገደማ የስምንት ወር የልጅ ልጄ የሳንባ ምች ታማ፣ እዚሁ ሀዋሳ ሆስፒታል ገብታ በመሣሪያ እየተረዳች ትተነፍስ ነበር። ወጣቷ ሐኪም ለሕፃናቱ ምን ያህል አየር እንደሚያስፈልግ የሚመክር ሰው ሠራሽ አስተውሎት በላፕቶፗ ላይ ነበራት። ቅጽ ስትሰጠኝ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝና፣ የሕፃኗን የልደት ቀን በጥንቃቄ አስልቼ ሞላሁ። ሐኪሟ ቀኑን ስታስገባው ግን ኮምፒውተሩ ምክር አልሰጥም አለ።

«ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ወደቀ!» ብዬ ተቆጣሁ። «የፈረንጅ ዕቃ ስለ እኛ ልጅ ትንፋሽ ምን ያውቃል?»

«የፈረንጅ አይደለም፣ አባባ። እኔና ጓደኞቼ ነን እዚሁ የሠራነው» አለችኝ፤ ይህን ስትል ዓይኗን ከሕፃኗ አላነሣችም። የሕፃኗ ደረት በኃይል ይርገበገብ ነበር። ሐኪሟ መሣሪያውን በራሷ ግምት አስተካከለችና ቅጹን ደግማ አነበበች፤ ከዚያም እኔ የጻፍኩትን ቀን ሰርዛ ሌላ አስገባች። ምክሩ ወዲያው ወጣ። እርሷም አመዛዝና ስትስማማበት አየሩን በጥቂቱ ጨመረች። ብዙም ሳይቆይ የልጅቷ ትንፋሽ ረጋ።

«ለመሆኑ ምን ስሕተት አገኘብኝ?» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እንግዲህ አይቆጡኝ፣ አባባ። እርስዎ የጻፉልን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ፕሮግራም ደግሞ የሚቆጥረው በሀገራችን ዘመን ነው። የልጅ ልጅዎ የምትወለደው ገና ከሰባት ዓመት በኋላ ነው ብሎ ነው እምቢ ያለን።»