የኮሌጆቹ የገና ጨዋታ ዕጣ እኔ እጅ ላይ ወደቀ

ትናንት፣ ሐሙስ፣ ታኅሣሥ አጋማሽ። ደጋው ብርድ ነው ይላሉ፤ እኛ ቆላው፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ግን ቀትር ላይ ቆርቆሮው ይንጣጣል። መብራት ጠፍቷል። በአዳራሹ የነበርነው፦ ሰብሳቢው አቶ ውበቱ፣ የሦስት ኮሌጆች አሰልጣኞች፣ እና እኔ... የሰሊጥ አቧራ እንደለበስኩ።

እኔ ከአዳራሹ ጎን ባለው መጋዘን ሰሊጥ አበጥራለሁ። አቶ ውበቱ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው «እታለም፣ ለአንድ አፍታ ነይ እስቲ... ማንንም የማያውቅ ሰው ቸግሮን ነው» አሉኝ።

ስገባ በሩን ቆለፉት። ስልክ ሁሉ፣ የእኔም ጭምር፣ ሳፋ ውስጥ ተሰበሰበ። ዕጣው ሳይወድቅ ማንም አይወጣም።

ነገሩ የኮሌጆች የገና ጨዋታ ውድድር ነው። አምና የበረቱት ሦስት ኮሌጆች በመጀመሪያው ዙር እርስ በርስ እንዳይበላሉ በሦስት ከተማ ለየብቻ ተመድበዋል፤ ሻምፒዮኖቹ ገንዳ ውሃ፣ ሁለተኞቹ ሳንጃ፣ ሦስተኞቹ ገለጉ። የቀሩት ሦስቱ ከማን ጋር፣ የት እንደሚጫወቱ ዕጣ ይለየው ተባለ። የተሸነፈ በዚያው ከውድድሩ ይወጣል።

ወረቀት ግን አልተማመኑበትም። መሬት እንደምንከፋፈለው ይሁን አሉ። አሰልጣኞቹ የየራሳቸውን ምልክት በድብቅ በሰብሳቢው ቆብ ውስጥ ይጥላሉ፤ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አንድ አንዱን እያነሳ ወለሉ ላይ በጠመኔ በተሳሉት ሦስት ክቦች ያኖራል። አንዱ ክብ ገንዳ ውሃ፣ አንዱ ሳንጃ፣ አንዱ ገለጉ።

ቆቡን ተቀበልኩ። ቆርኪ... የማሽላ አገዳ ቁራጭ... ቢጫ የጨርቅ ቋጠሮ።

ቋጠሮውን አነሳሁት።

ጨርቁ የእኔ ቶብ ነው፤ ከሱዳን ስመለስ ተጠቅልዬው የመጣሁት። ልጄ ኮሌጅ ሲገባ የገና ዱላው እንዳያዳልጠው ከጫፉ ቀድጄ እጀታው ላይ የጠመጠምኩለት እኔ ነኝ።

ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት አንድ ቀን እንኳ አልመጣም። ባለፈው ሲደውል «እማ፣ ዘንድሮ አንድ ጨዋታ ካላሸነፍን ቡድናችንን ያፈርሱታል» ብሎኛል። የዕጣውን ነገር ግን አላነሳልኝም።

ገንዳ ውሃ ባኖረው ዓይኑን አያለሁ፤ ግን ከሻምፒዮኖቹ ጋር ገጥሞ አለቀለት። ገለጉ ባኖረው ያሸንፍ ይሆናል... እኔ ግን አላየውም።

«እታለም፣ ዕጣ ነው እንጂ ጋብቻ አይደለም፤ ጣይው!» አለኝ አንዱ አሰልጣኝ።

ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። በሩን አየሁት። ቁልፉ አቶ ውበቱ ኪስ ውስጥ ነው።

«ይሄን አውቀዋለሁ» አልኩ። «የልጄ ነው።»

ቋጠሮውን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ከዚያ ቤቱ ተናጋ።

«ይኸው! እናቱን ነው ያመጣችሁብን!» ብሎ ጮኸ አንዱ አሰልጣኝ።

የልጄ አሰልጣኝ ወጣት መምህር ነው፤ ላብ በላብ ሆኖ ይምላል። «በማርያም! ከዱላው ተፈትቶ ኪሴ ውስጥ የቆየ ጨርቅ ነው! እናቱን የት አውቃቸውና?»

«አንተ ባታውቃቸው ጨርቁ አወቃቸው!» አለው ሌላው።

አቶ ውበቱ ጠረጴዛውን መቱ። «ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር? ምልክት ቀይራችሁ እንደገና!»

«እባክዎ ሌላ ሰው ይጥሩ» አልኳቸው።

«አሁንማ ካንቺ ወዲያ የሚታመን ማን አለ?»

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞሩኝ። ዞር በይ ሲሉኝ ቆቡ ውስጥ ጠጠር፣ የክብሪት እንጨትና የሸሚዝ ቁልፍ አለ። አንዱንም አላውቀው። እፎይ አልኩ። ቀና ብዬ ማንንም ሳላይ ጠጠሩን ሳንጃ፣ ክብሪቱን ገለጉ፣ ቁልፉን ገንዳ ውሃ አኖርኩ።

«ጠጠሩ የእኔ!» አለ አንዱ። «ክብሪቱ የእኔ!» አለ ሌላው።

ወጣቱ መምህር ሸሚዙን ቁልቁል ያያል። ደረቱ ላይ ክር ተንጠልጥሏል።

«አይ እናት! ደረቱን አይተሽ ነዋ!» ብለው ሳቁብኝ። አላየሁም ብል ማን ይስማኝ። «እንግዲያው እንደገና ይጣል» ብዬ ለመንኩ። ሁለቱ ግን ከሻምፒዮኖቹ አምልጠዋል፤ ምን ቆርጧቸው! «ሦስት ጊዜ ዕጣ የለም!» አሉ በአንድ አፍ።

በሩ ተከፈተ። መምህሩ ስልኩን አንስቶ እየተነጫነጨ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የእኔ ስልክ ጠራ፤ ልጄ ነው፣ መምህሩ ነግሮታል።

«እማ... ምን አደረግሁሽ?»

«ዕጣ ነው ልጄ።»

«ከናፈቅሁሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ሳላውቅ ነው የጣልኩት።»

«እሺ እማ» አለኝ። ያ እሺ ያመነ ሰው እሺ አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ተነስቼ ውሃ ቀዳሁ። የልጄን ፍራሽ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። አንሶላውን አጠብኩ። ጎረቤቴ አየችና «እንግዳ አለብሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ማነው?»

«ተሸናፊ» አልኳት... አንሶላውን ገመዱ ላይ ሰቅዬ፣ ከኋላው ሆኜ ሳቅሁ።