በፌስታል የተመለሰው ቮላኖ

ወልቂጤ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አምስት ሹማምንት ተቀበሉኝ። ጊዜው ኢሕአዴግ ሠራተኛውን ሁሉ በጥቃቅንና አነስተኛ የሚያደራጅበት ነበር፤ በማኅበር ካልሆነ ሼድ አይሰጥም። የእኛም የብረት ሥራ ማኅበር አምስት አባላት ነበሩት፦ ሊቀመንበር፣ ምክትል ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ኦዲተር። ብረት የሚቆርጥ ሰው ሲጠፋ እኔን ከቡታጅራ በቅጥር አስመጡኝ።

ሊቀመንበሩ ጋሽ ዘርጋ ይባላሉ። ጸሎተኛ ሰው ናቸው፤ ብረት እያዞረ የሚቆርጠውን ቶርኖ እንኳ ሳይጸልዩ አያስነሱም። በመጀመሪያው ቀን እዚህ ቤት ደንበኛ እምቢ አይባልም አሉኝ። የሥራ መመሪያ የተባለው እንግዲህ ይኸው ብቻ ነበር። እኔም ቡታጅራ ሦስት ዓመት ቶርኖ ላይ ስለቆምኩ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሸረፋ የመጣው በክረምት ነው፤ አረፋ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት። ከእምድብር ወልቂጤ በሞተር ጫት የሚያመላልስ ጎልማሳ ነበር። ጫት ከረፈደበት ይጠወልጋል። የጫት ነጋዴው ደግሞ ሁለት ሞተረኞች ነበሩትና፣ ከአረፋ በፊት ከሁለቱ ጫቱን ቀድሞ የሚያደርሰውን ብቻ እንደሚያስቀር ነግሯቸዋል። የሸረፋን ሞተር የገዙለት መርካቶ የሚነግዱት ወንድሞቹ ናቸው። ለአረፋ አገር ቤት ሲመጡ ሥራ ፈትቶ ቢያገኙትስ? ጭንቁ እሱ ነበር።

"አሰላሙ አለይኩም" ብሎ ገባና፣ አዲስ አበባ በሞተር የሚወዳደሩ ሰዎች ቮላኖ እንደሚያስቀንሱ ሰምቶ መምጣቱን ነገረን። ቮላኖ ከሞተሩ ጋር አብሮ እየዞረ ዙሩ እንዳይቆራረጥ የሚያደርግ ከባድ ብረት ነው። ክብደቱ ሲቀንስ ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጡት ቶሎ ይፈጥናል፤ ይህ እውነት ነው። ጋሽ ዘርጋ እኔን አዩኝ። ይቻላል አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ቮላኖውን ፈትቼ ቶርኖው ላይ አሰርኩና ከዳር ዳሩ ቆረጥኩለት። ከጀርባው የማስነሻው ፍሪሲዮን አለ፤ ቁልፍ ሲነካ ሞተሪኖውን፣ ማለትም በባትሪ የሚዞረውን ማስነሻ፣ ከቮላኖው ጋር የሚያያይዘው እሱ ነው። እሱም ያለ ሥራው የወፈረ መስሎ ታየኝ። ማን ጠየቀህ አትሉኝም? ማንም። ከእሱም ላጥኩ።

ሸረፋ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ የሚወድቀውን ፍቅፋቂ በፌስታል ይለቅም ነበር። ምን ሊያደርግልህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ የራሴ ብረት ነው አለኝ። እኛ ጉራጌዎች ዕቃ አንጥልም፤ ይሁን እንጂ ፍቅፋቂ ሲለቅም ሰው ያየሁት ያኔ ነው። ሳቅሁበት።

ሙከራው እንደ ልማዳችን በካቫሌቶ ሆነ። ሞተሩን በመደገፊያው አቁሞ፣ የኋላ ጎማው አየር ላይ እየዞረ ነዳጅ መስጠት ነው፤ ድምፁ ካማረ ሥራው አለቀ ይባላል። የሸረፋ ሞተር ገና እጀታው ሲነካ አጓራ። ኦዲተሩ ሳይቀር ወጥቶ አጨበጨበ፤ ጋሽ ዘርጋም ጌታን አመሰገኑ። ያን ቀን በአገሩ ከእኔ በላይ ቶርኖ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ በእኔ ቤት።

በማግስቱ ሸረፋ ጫቱን ጭኖ ከእምድብር ተነሳ። ጭቃው ዳገት ላይ ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ድርግም አለበት፤ ቮላኖው ዙሩን ይዞ የሚያሻግርበት ክብደት የለውማ። ቁልፉን ቢነካ ማስነሻው ይንጫጫል እንጂ አይዝም፤ ፍሪሲዮኑን ልጬ አቅጥኜዋለሁና መንከስ አቃተው። የእግር ማስነሻው እንደሆነ ድሮ ተሰብሯል። ስለዚህ የፈጣኑ ሞተር ባለቤት በሰው እየተገፋ ተጓዘ። አታት ሆስፒታል አካባቢ በሽተኛ በቃሬዛ የያዙ ሰዎች ደረሱበት፤ በሽተኛውን መንገድ ዳር አሳርፈው ገፉለት። እንደገና ሲጠፋበት ግን ይቅርታ ጠይቀው ቀደሙት። ያኛው ሞተረኛ በዚያ ባረጀ ሞተሩ ገና በማለዳ ወልቂጤ ገብቷል።

በሦስተኛው ቀን ሸረፋ ሞተሩን እየገፋ መጥቶ ሼዱ በር ላይ ቆመ። አልተቆጣም። ምነው በሰደበኝ! ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

"ምንም አልጣልኩም፤ ሁሉም አለ። መልስልኝ" አለኝ።

ሹማምንቱ ሳቁ። እኔ አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ፍቅፋቂን መልሶ ብረት የሚያደርግ ቶርኖ የት አለ? ጋሽ ዘርጋ ሰዎቹን ዝም አሰኙና ወደ እኔ ዞሩ።

"እምቢ አይባልም ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነው" አሉኝ።

ቡታጅራ ወርጄ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ከነፍሪሲዮኑ ሌላ ቮላኖ አገኘሁና ገጠምኩለት። በዚህ ጊዜ ካቫሌቶውን ተውኩት፤ ኩንታል እህል ጭኜ ያንኑ ዳገት ወጣሁበት። ሞተሩ ቀስ ብሎ፣ ሳይጠፋ ወጣ። ነጋዴው ግን ያኛውን ሰው አስቀርቶ ነበር። ሸረፋ አረፋን ያለ ሥራ አከበረ። ወንድሞቹ ምን እንዳሉት ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ፌስታሉን አልወሰደውም። ከቶርኖው በላይ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፤ ዛሬም እዚያው ነው። ቮላኖ ቀንስልኝ የሚል ሲመጣ ምን እንደሚጭንና በየት በኩል እንደሚሄድ እጠይቃለሁ። አንዳንዱን እምቢ እላለሁ። የተቆረጠ ብረት አይመለስም።