የባትሪው ሞተርና የዋንዛዋ ታንኳ

ሞተር የተባለ ነገር ሁሉ ይጮሃል ብዬ ነው ያደግሁት። ትራክተር ይጮሃል፣ ጄኔሬተር ይጮሃል፣ የቡና መፈልፈያው ሲነሳማ ሰው ከሰው መነጋገር አይችልም። ስለዚህ በወርክሾፑ ግቢ ውስጥ በውኃ በርሜል የነከርነውን ሞተር ስከፍተው ጭጭ ሲል፣ "ይሄስ ሞቷል" ብዬ አጎነበስኩ። ወዲያው ውኃው ከበርሜሉ ዘሎ እኔንና የወርክሾፑን ኃላፊ ከአንገት እስከ እግር አጠበን። ለካ ሲሠራ ኖሯል። ደርቄ ቀረሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቴፒ አጠገብ በሚገኝ የመንግሥት ቡና እርሻ ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ሁለት ዓመት ስላልሞላኝ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሞተሩን ያመጣው፣ ለሠራተኛው ካፍቴሪያ ከወንዝ አሣ ማቅረብ ይቻል እንደሆነ ሊያጠና የመጣ ፈረንጅ ነው። የቴፒ ወባ በሦስተኛው ሳምንት ጣለችውና ሰውየው በአልጋ ተጭኖ ሄደ፤ ሞተሩ ቀረ። አንድ ረጅም ዘንግ፣ ከታች ውኃ እየገፋ የሚሽከረከር ትንሽ ፕሮፔለር፣ ከላይ መዘወሪያ እጀታ። ከመኪና ባትሪ ጋር ሲያያዝ ታንኳ ይነዳል ተባለ።

ኃላፊው ልብሱን ከቀየረ በኋላ አንድ ቅጽ ሰጠኝ። ጉልበት፣ የባትሪ ቆይታ፣ ድምፅ፣ ለአያያዝ ምቹነት፣ አስተያየት ይላል።

"ከበላይ አካል ተጠይቀናል ጓድ" አለኝ። "በርሜል አይበቃም፣ ወንዝ ላይ ሞክረህ ሞልተህ አምጣ።"

ወንዙ ወደ ቆላው ሲወርድ ሰፍቶ የሚተኛበት ቦታ አለ። እዚያ በታንኳ አሣ የሚያጠምዱ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። የሁሉም ታንኳ ኋላው ሹል ስለሆነ ሞተሩን የሚይዝ ጠፋ። የአንዱ ሰው ታንኳ ብቻ ትለያለች። ከአንድ የዋንዛ ግንድ ሁለት በጋ ሙሉ ፈልፍሎ ነው የሠራት። የግንዱ ጫፍ በስብሶ ስለነበር ቀጥ አድርጎ ቆርጦት ኋላዋ ጠፍጣፋ ሆኗል። ለሞተሩ በልክ የተሠራች ትመስላለች። ሰውየው በዕድሜ ታላቅ ወንድሜን ስለሚያህል ጋሼ እለው ነበር። ስድስት ልጆች አሉት፣ መሬት የለውም፤ ቤቱ የሚበላው ያቺ ታንኳ ያመጣችውን ነው።

"ለአንድ ቀን ብቻ ጋሼ፣ እንደወሰድኳት እመልሳታለሁ" አልኩት።

"ታንኳ ከሌለ እኔም የለም" አለኝ። አማርኛ የአፍ መፍቻው ስላልሆነ ቃል አያባክንም። ታንኳዋን በእጁ ዳበስ አደረገና፣ "እሺ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ" አለ።

ጠዋት ላይ ገባን። እሱ መቅዘፊያውን ይዞ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ የትራክተር ባትሪ በመሃላችን። እጀታውን ሳዞረው ታንኳዋ ማንም ሳይነካት መሄድ ጀመረች። ሰውየው ዞር ብሎ ፕሮፔለሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከዚያ እንደ ልጅ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሞተሩን የፈለሰፍከው አንተ ነህ የሚለኝ ሰው ቢኖር አልከራከረውም ነበር።

ትንሽ እንደሄድን የታንኳዋን ጎን በመቅዘፊያው መምታት ጀመረ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ትንሽ ያርፍና ደግሞ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እኔ ደግሞ "ድምፅ" የሚለው መስመር ላይ ደርሻለሁ። ጆሮዬን ብደግን የምሰማው የእሱን ኳኳታ ነው። ተናደድኩ።

"ጋሼ፣ አትምታው! ድምፁን ልስማበት!"

"ጉማሬ አለ" አለኝ። "እንደመጣን ይወቅ። ሲሰማ ይሄዳል።"

"ሞተር እኮ ነው የያዝነው፣ እናመልጠዋለን!"

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። እሱ ሃያ ዓመት በዚያ ውኃ ላይ የኖረ ሰው ነው፣ እኔ ዋና እንኳ አልችልም። ግን በእጄ ወረቀት ይዣለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወረቀት የያዘ ሰው ይታዘዙታል። መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አስተኛ።

እውነትም ምንም አይሰማም። "ድምፅ፦ የለውም" ብዬ በደስታ ጻፍኩ። ቀና ስል ውኃው ከፊታችን አበጠ። ታንኳዋ ከነእኛ ወደ ላይ ተነሳች። ልጩህ አልጩህ አላውቅም፤ የማውቀው አፌ በውኃ መሞላቱን፣ ከዚያም አንድ እጅ ኮሌታዬን አንቆ እየጎተተኝ መሆኑን ነው። ጭቃው ላይ ወረወረኝ። እየሳልኩ ዞር ስል ጉማሬው የታንኳዋን ወገብ በአፉ ይዞ አየሁት። ዋንዛው ሲሰበር የተሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሰውየው ቆሞ ታንኳውን ያያል። ሁለት በጋውን ያያል፣ ስድስት ልጆቹን ያያል። የዚያን ጊዜ እኔ፣ ነፍሴን ከሞት ያወጣ ሰው አጠገብ ተቀምጬ ምን ብል ጥሩ ነው?

"ሞተሩ! ሞተሩስ!"

ይህ ከገዛ አፌ ወጣ። ሰውየው አየኝ። ከዚያ ተመልሶ ውኃው ውስጥ ገባ። የታንኳዋን የኋላ ስባሪ ከነሞተሩ፣ ወንዙ ወደሚወርድበት በኩል ያለ የዛፍ ሥር ይዞት ነበር። ጉማሬው ገና እዚያው ያናፋል። "ተው! ጋሼ፣ ተመለስ፣ ይቅር!" እያልኩ ጮህኩ፣ አለቀስኩም። አልሰማኝም። ሞተሩን መፍታት ስላላወቀ ስባሪውን እንዳለ ጎትቶ አወጣውና እግሬ ሥር አኖረው።

"ይኸው" አለኝ።

ያ ቅጽ ወንዙ ውስጥ ስለቀረ፣ በሌላ ቅጽ "አስተያየት" ላይ ስለ ታንኳዋ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። አትምታ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ጻፍኩ፣ እርሻው ሌላ ታንኳ እንዲያሠራለት ለመንኩ። ኃላፊው ቆሞ አነበበው።

"ከዚያ በኋላ ሞተሩን ሞከርከው?"

"በርሜል ውስጥ ሞክሬዋለሁ።"

"ሠራ?"

"ሠራ።"

ሁለቱንም ገጽ ሰረዘና በራሱ እጅ ጻፈበት፦ "ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ከወጣ በኋላም ያለ እንከን ሠርቷል።"

ክው አልኩ። "ታንኳውስ?" አልኩት።

"ታንኳ ቅጹ ላይ የለም ጓድ።"

በሩን ከኋላዬ ደርግሜ ወጣሁ። ጀግንነቴ ያችው ናት፤ በማግሥቱ በሰዓቴ ሥራ ገባሁ። ሞተሩ "እጅግ በጣም ጥሩ" ተባለ፤ የሚታሰርበት ታንኳ ስለሌለ ግን መጋዘን ገባ። ወደ ወንዙም አልወረድኩም። ባዶ እጄን ምን ብዬ ልሂድ?

ቡናው የቀላ ጊዜ የተበላሸ የውኃ ፓምፕ ለማየት ማሳ ገባሁ። ከለቃሚዎቹ መካከል ጋሼን አየሁት። ወገቡ ላይ ቅርጫት ታስሯል፣ ከቀዩ ጋር አረንጓዴውንም ስለሚቀነጥስ ተቆጣጣሪው ይጮህበታል። ከመጣሁበት ትራክተር ጀርባ ልደበቅ ስል አየኝ። ቅርጫቱን አውርዶ መጣና እጄን በሁለት እጁ ያዘው። ይረግመኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢረግመኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"ጋሼ፣ ስለ ታንኳዋ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ሞተሩስ?" አለኝ። "ሞተሩ ደህና ነው?"

የታመመ ልጄን የሚጠይቀኝ ይመስል ነበር። ምጸት ይኖርበት እንደሆን ፊቱን ደጋግሜ አየሁ። አንድም አልነበረበትም። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ሞተሩን እንደሆነ ነበር ያወቀው፤ ከራሴ አፍ ሰምቶ።

"ደህና ነው" አልኩት።

"ተመስገን" አለና ወደ ቡናው ተመለሰ።