ሰማይ ላይ ነፋስ የለም ያልኩት አጎቴ

አርባ ምንጭ አጠገብ ላንቴ በምትባል መንደር ሙዝ ያለማ የነበረው አጎቴ የተጣመመ የሙዝ ግንድ ሲያይ፣ ግንዱን ሳይነካ በመጀመሪያ ያጣመመውን ፍለጋ ዙሪያውን ይመለከት ነበር።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ አርባ ምንጭ ስማር የአንድ ሩቅ ጋላክሲ፣ በሬዲዮ ሞገድ የተነሳ ምስል አሳየሁት። ከመሃሉ በግራና በቀኝ የሚወጡት ሁለት የጋለ ጋዝ ጅረቶች ወደ ኋላ ታጥፈዋል።

«ወይ ነፋስ አለ፣ ወይ ራሱ እየሮጠ ነው» አለኝ። «ጋሪ ሲሮጥ ነጠላህ ወደ ኋላ ይሄድ የለ?»

«ሰማይ ላይ ምን ነፋስ አለ?» ብዬ ጓደኞቼ ፊት ሳቅሁበት። ምስሉን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

በዓመቱ መምህራችን የመታጠፋቸውን ምክንያት አስረዱን። ጋላክሲዎች በብዛት በተሰባሰቡበት ስፍራ መካከላቸውን ስስ ጋዝ ይሞላዋል። ጋላክሲው በዚያ ውስጥ ሲሮጥ ጋዙ ጅረቶቹን ወደ ኋላ ያጥፋቸዋል። አጎቴ ልክ ነበር።

ላንቴ ቅርብ ነው፤ ሄጄ ልነግረው እችል ነበር። ተሳስቼ ነበር ማለቱ ግን ከበደኝና ዛሬ ነገ ስል የአጎቴ መርዶ ደረሰኝ።

ለቅሶው ላይ ሚስቱ አጠገቤ ተቀመጠች። አጎቴ ሙዙ መሃል ይቀመጥበት የነበረው ድንጋይ ባዶውን ነበር።

«ባንተ እንዴት ይኮራ እንደነበር» አለችኝ። «ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ‹ሰማይ ላይ ነፋስ የለም፤ የእህቴ ልጅ ነው ያስተማረኝ› ይል ነበር።»

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።