ጎጆው አይነካም

ሃሚንግበርድ የሚባሉት ከአውራ ጣት የማይበልጡ ወፎች አበባ ፊት በአየር ላይ ቆመው ወለላ ይቀስማሉ። የዩኒቨርሲቲውን ዕረፍት ኢኳዶር ደን ውስጥ እነሱን ሳጠናና ፎቶግራፍ ሳነሳ ከርሜ፣ የማስተማሪያ ጊዜዬ ሲደርስ ከጎጆዎቻቸው በአንዱ ፊት ካሜራ ተክዬ ወደ ለንደን ተመለስሁ። ከዚያ ወዲህ ጎጆውን የማየው ኬንቲሽ ታውን ሰፈር፣ ከእናቴ ጋር ከምኖርበት ቤት፣ በኮምፒውተሬ ነው።

ካሜራውን የሚጠብቁልኝ የመሬቱ ባለቤት፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ገበሬ ናቸው። እዚያ ሳለሁ፣ ለፎቶው ብርሃን እንዲሆነኝ ብለው ጎጆውን የሚጋርደውን ቅጠል ሊቆርጡ ሲሉ አስቆምኋቸው። «እኔ ራሴ ብለምንዎት እንኳ እንዳይነኩ» አልኋቸው። በሌላ ቀን ልፈትናቸው ብዬ ቅርንጫፉን ቀና እንዲያደርጉልኝ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ሲዘረጉ ገሠጽኋቸው።

በጥቅምት አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ እዚያ ማለዳ ነው፣ ዝናቡ ቅርንጫፉን ሲያጎብጠው አየሁ። ጎጆው ውስጥ ላባ ያላወጡ ሁለት ጫጩቶች ነበሩ። አርባ ደቂቃ ያህል እያየሁ ማስታወሻ ያዝሁ።

እናቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሊወድቅ እኮ ነው! የሚደግፈው ሰው የለም?»

«ሰው አለ። ሕጉ አይፈቅድም።»

«የማን ሕግ?»

«የእኔ።»

«እሰይ የኔ ዶክተር! ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ያወጣሽው ሕግ ይህ ነው?»

ለገበሬው ደወልሁ።

«ዶክተር፣ እንደምን አደሩ?»

«እባክዎ ይሩጡ፤ ቅርንጫፉን በገመድ ይሰሩት።»

ሳቁ። «አይ ዶክተር! ዛሬስ አልሸወድም።»

«ፈተና አይደለም።»

«ያን ጊዜም እንዲሁ ፊትዎን ኮስተር አድርገው ነበር የጠየቁኝ።»

«ምን ይላሉ?» አለች እናቴ፣ ቋንቋውን ስለማታውቅ። «ጮክ በይባቸው እንጂ!»

ጮክ ማለት አልለመድሁም። ቃል እየመረጥሁ ስለ ቅርንጫፉ ማዘንበል አስረዳኋቸው፤ ይበልጥ ሳቁ። በመጨረሻ «ስለ እግዚአብሔር» ስላቸው ሳቃቸው ቆመ። በር ሲከፈት ሰማሁ።

ገመድ ይዘው ካሜራው ፊት ሲደርሱ ቅርንጫፉ ተሰብሮ ነበር። ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ መዳፋቸውን ወደ ካሜራው ዘረጉ። ሁለቱም ጫጩቶች ሞተዋል።

«ዶክተር» አሉኝ በስልኩ፣ «መጉበጥ የጀመረው መቼ ነው?»

ሰዓቱ በደቂቃ ተመዝግቦ ፊቴ ነበር። ማስታወሻውን በእጄ ሸፈንሁት። «ቀደም ብለው ቢደውሉልኝ…» አሉና ዝናቡ ውስጥ ቆመው ቀሩ።

መዝገቤ ላይ ጎጆው የጠፋበት ምክንያት የሚሞላበት ስፍራ አለ። «ዝናብ» ብዬ ጻፍሁ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፤ ከዚያ ተነሥታ ወጣች።