ሚስስ ሎይስን ወደ ቋጥኙ ስወስዳቸው

ቅዳሜ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ከሜፕልዉድ የተነሳነው ካፊያ እየጣለ ነው። እ.ኤ.አ. 2006፣ መስከረም ላይ ነበር፤ የዕረፍት ቀኔ። አብረውኝ ያሉት ሚስስ ሎይስ፣ በሆም ኬር ሥራዬ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ናቸው። ነጮች ሳይመጡ በፊት በሚኒሶታ ይኖር ከነበረው ከዳኮታ ሕዝብ ይወለዳሉ። ሐኪሙ ክረምቱን እንደማይዘልቁት ከነገራቸው ወዲህ የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በልጅነታቸው እናታቸው እየወሰዱ ያሳዩዋቸው የነበረውን የግራናይት ቋጥኝ አይተው አጠገቡ ማደር።

በሃይዌይ 212 ወደ ምዕራብ ድራይቭ አደረግሁ። ግራና ቀኙ መድረቅ የጀመረ በቆሎ ነው። ግሌንኮ ላይ ሾርባ በሁለት ዶላር ገዛሁላቸው፤ ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ተዉት። ወገኖቻቸው ከነጮች ጋር ከተዋጉት ጦርነት በኋላ ከዚህ አገር እንደተባረሩ፣ ጥቂቶቹ ተደብቀው በእግር ሲመለሱ መጀመሪያ የዳሰሱት ያንን ቋጥኝ እንደሆነ አጫወቱኝ። እናታቸው ትምባሆ ሳያስቀምጡለትና ሳይጸልዩ አያልፉትም ነበር።

ስድስት ሰዓት

ከግራናይት ፎልስ አለፍ ብሎ ባለው የጠጠር መንገድ ቦታውን አገኘነው። የሽቦ አጥር ነበር። ከአጥሩ ወዲያ በማሽን የተቆረጠ ጥልቅ ጉድጓድ፣ ውስጡም ጥቁር ውሃ። ሚስስ ሎይስ የተሳሳትን መስሏቸው ዛፎቹን ደጋግመው አዩ።

በፒክአፕ የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አስቆምኩ። ድንጋዩ ተቆርጦ ለሕንፃና ለመቃብር ሐውልት ከተሸጠ ሃያ ዓመት እንዳለፈው ነገረን። የሚስስ ሎይስን ፊት ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

እሳቸው አላለቀሱም። ጣቶቻቸውን በሽቦው አሾልከው ይዘውት የመጡትን ትምባሆ ጠጠሩ ላይ በተኑት።

በአቅራቢያው ወንዝ ዳር ካለ የካምፕ ሥፍራ ቦታ ተከራይቼ ድንኳን ተከልኩ፤ ለእሳቸው የመኪናውን ወንበር ዘረጋሁ። እዚያ ዝቅ ዝቅ ያሉ ግራናይቶች ተርፈዋል፤ ስንጥቃቸው ውስጥ ጣት የምታክል ቁልቋል ይበቅላል። ይህንን ይዳስሱ ብላቸው፣ የማላውቀው ሰው ነው አሉኝ፤ ለእሳቸው ቋጥኝ እንደ ሰው ነበር።

እሑድ

ጠዋት ሳል ስለጠናባቸው ቶሎ ተነሳን። መንገድ ላይ፣ ክሪስታል ከተማ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ያሉ ዓይነ ስውር ታላቅ እህታቸው ወሬውን እንደሚጠብቁ ነገሩኝ።

«ምን ልበላት?» አሉ።

«እውነቱን ይንገሯት» አልኩ። ሥራዬም ለሕመምተኛ አትዋሹ እያለ ነው ያስተማረኝ።

እህትየዋ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። «አገኛችሁት?» ሲሉ ሚስስ ሎይስ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። አላስችል አለኝ።

«አለ» አልኩ እኔ። «ዝናብ አርሶት ነበር። እጃቸውን ይዤ አስነክቻቸዋለሁ።»

እህትየዋ የእህታቸውን መዳፍ ፈልገው ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። ወደ ሜፕልዉድ ተመለስን። ሚስስ ሎይስን ወደ አልጋቸው ሳስገባቸው እጄን ጨበጥ አደረጉኝ።

በረዶ ሳይጥል አረፉ። በቀብራቸው ላይ እህትየዋ፣ ሎይስ ቋጥኙን ነክታ ነው የሞተችው እያሉ ለመጣው ሁሉ ይናገሩ ነበር። የሚስስ ሎይስ የልጅ ልጅ ቀረብ ብላ፣ በጋ ላይ ልጆቿን ይዛ ልትሄድ እንደምትፈልግ ነገረችኝና መንገዱን ጠየቀችኝ። ለአንዲት አሮጊት ብዬ የዋሸሁት ለልጆችም ሊተርፍ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ወደ ጎን ወስጄ ስለ አጥሩና ስለ ውሃው፣ ስለ ትምባሆውና ስለ ዋሸሁትም ነገርኳት።

 ቦርሳዋን ከፍታ እስክሪብቶ አወጣች።

«አያቴ ትምባሆውን የበተነችበትን ቦታ ንገሪኝ» አለችኝ።